ስፋቱን የሚረሳው መስኮት

ዶን ክሪሶፎሮ ጫማ ሰፊ ናቸው። በኦሃካ ግዛት ተራራ ላይ ባለችው መንደራችን ግን ሰው የሚያውቃቸው በሚነፉት ክላርኔት ነው፤ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የባንዱ አንደኛ ክላርኔት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ሲደክም የወረቀቱ ኖታ ጉንዳን መሰላቸው። ስለዚህ ኖታዎቹን ስካን አድርጌ የባንዱ ቤት ኮምፒውተር ላይ ጫንኩላቸው። ገጹ ስክሪኑን ሲሞላው እያንዳንዱ ኖታ የባቄላ ፍሬ ያህላል።

ችግሩ ሰነድ ማሳያው ፕሮግራም ነው። አዲስ ኖታ በተከፈተ ቁጥር መስኮቱ ጥግ ላይ ተሸጉጦ ይመጣል፤ ግማሹን ቦታ ደግሞ ማንም ያልጠየቀው የገጾች ዝርዝር ይይዘዋል። ዶን ክሪሶፎሮ ክላርኔታቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በማውስ ዝርዝሩን ያነሳሉ፣ መስኮቱን ይለጥጣሉ፣ ገጹን ያጎላሉ። እስከዚያ ባንዱ በዜማው ርቆ ሄዷል።

የባንዱ መሪ ማዕስትሮ አቡንዲዮ አበልጃቸው ናቸው። አንድ ቀን ልምምዱን አቋረጡት።

«አበልጄ፣ ዘንድሮ ለመንደሩ በዓል ትልቁን ከበሮ ብትይዝስ? ከበሮ ኖታ አይፈልግም።»

«ከበሮ የሚመታ ጠፍቶ ነው ወይስ እኔን መቅበር አምሮህ?»

«ዓይንህ ነዋ።»

«ዓይኔን ተወው። ትናንት ያሰፋሁትን ዛሬ ያጠበበው ዓይኔ ነው? እኔ የመንደሩን ሰው ሁሉ የእግር ልክ አስታውሳለሁ፤ ይህ ሳጥን የአንድ መስኮት ልክ አቃተው።»

ንዴታቸው ተጋባብኝ። ቤቴ ባለው ኮምፒውተር በዚያው ፕሮግራም ሞከርኩት፦ መስኮቱን ለጠጥኩ፣ ጥጉ ላይ ባለችው የመዝጊያ ምልክት ዘጋሁት፣ መልሼ ከፈትኩት። እንደተለጠጠ መጣ። ማስታወስ ይችላል ማለት ነው! ታዲያ ለእሳቸው ሲሆን ምን ነካው?

በሚቀጥለው ልምምድ ከኋላቸው ተቀምጬ አየሁ። እኛ ዘንድ የተጫወቱትን ኖታ ማንም አያነሳም፤ ማዕስትሮው «ይደገም» ሊሉ ይችላሉና። ዶን ክሪሶፎሮም አንዱንም መስኮት አይዘጉም። ልምምዱ ሲያልቅ ደግሞ መጨረሻ የሚወጣው ሰው መብረቅ ፈርቶ ቆጣሪውን ያጠፋል፤ ኮምፒውተሩም መስኮቶቹ እንደተከፈቱ ድርግም ይላል። ፕሮግራሙ የመስኮቱን ስፋት የሚመዘግበው በራሱ ምልክት ሲዘጋ ብቻ ነው፤ በዚህ ቤት ደግሞ ያችን ምልክት የሚነካት የለም።

ነገሩ ሲገባኝ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ግን ደሜ ፈላ። ሰው መስኮቱን እንደለጠጠው ያኔውኑ ቢመዘግብ ምን ይጎድልበት ነበር? ፕሮግራሙን የሠራው ሰው መብራት በድንገት የሚጠፋበት ቤት መኖሩን አላሰበም፤ በእሱ ስንፍና ሽማግሌ ከወንበሩ ሊነሳ ነው።

«እና ጥፋተኛው እኔ ነኝ ልትለኝ ነው?» አሉኝ ዶን ክሪሶፎሮ ስነግራቸው።

«እርስዎ አይደሉም። ግን አንዴ አስፍተው በዚህች ይዝጉት።»

በረሮ እንደሚረግጥ ሰው ምልክቷን ተጫኗት። ቀጣዩ ኖታ ስክሪኑን ሞልቶ ተከፈተ። ማዕስትሮው እጃቸውን ሲያነሱ ክላርኔቱ ከሁሉም እኩል ገባ፤ እስከ መጨረሻውም አልሳተም።

«ደህና ለመድከው፣ አበልጄ» አሉ ማዕስትሮው።

«እኔ ምን እለምዳለሁ? ኮምፒውተሩን ሳትመረምር ዓይኔ ላይ ፈረድክብኝ። ይልቅ በበዓሉ አንደኛ ክላርኔት ማን እንደሆነ ለእነዚህ ሰዎች ንገራቸው።»

ማዕስትሮ አቡንዲዮ ወደ ባንዱ ዞረው «በበዓሉ አንደኛ ክላርኔት አበልጄ ነው» አሉ።