የእትዬ ትርንጎ ጽጌረዳዎች

ሰርግ አልወድም። ጥር በመጣ ቁጥር የጥሪ ካርድ ይደርሰኛል፤ ልብሴን ቀይሬ እሄዳለሁ፣ እበላለሁ፣ አጨበጭባለሁ። ሚዜዎቹ በር ላይ ደርሰው ሽቶ መርጨት ሲጀምሩ ግን ወደ ጓሮ ዞር እላለሁ። የሚያውቁኝ ሰዎች «ሽቶ ራሷን ያማታል» ይላሉ። ራሴን አያመኝም። የሚያመኝ አንድ ክዳኑ የዛገ የብስኩት ቆርቆሮ ነው።

ልጅ እያለሁ ቢቸና ውስጥ የአባቴ ታናሽ እህት እትዬ ትርንጎ ከእኛ ጋር አንድ ግቢ ትኖር ነበር። የስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበረች። ያኔ ስልክ እንደ ዛሬው ኪስ ውስጥ አይገባም፤ ነጋዴውም፣ መምህሩም፣ ሐኪሙም አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድሮ ግማሽ ቀን ይጠብቃል። እሷ ገመድ እየነቀለች፣ ገመድ እየሰካች «ማርቆስ! ማርቆስ! አዲስ አበባን ስጪኝ!» ትላለች። መስመር ተቋርጦ የሰው ፊት ሲጠቁር «ቆይ፣ አይዞህ፣ አገኝልሃለሁ» የምትል እሷ ብቻ ስለነበረች ሳያመሰግናት የሚሄድ መንገደኛ አልነበረም። ስመለስ ምን ላምጣልሽ ሲሏት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «የጽጌረዳ ሽቶ። ሌላ አበባ እንዳይቀላቀልበት።»

እንዲህ እንዲህ እያለ ጠርሙሶቹን የምታኖርበት የብስኩት ቆርቆሮ ሞላ። ሞጣ ጨርቅ የሚነግዱት ሐጂ ሰኢድ መካ ደርሰው ሲመለሱ አውራ ጣት የማታህል ጠርሙስ አመጡላት፤ የጣይፍ ተራራ ጽጌረዳ፣ ሲጀምር ማር ማር የሚል፣ ቆይቶ ግን እንደ ቁንዶ በርበሬ አፍንጫ የሚቆነጥጥ። የአስመራዋ የመስታወት ክዳን ነበራት፤ ዘቢብና አዲስ ሳሙና ትሸታለች። የሐረሯ ቀለል ያለች ናት፤ ዝናብ የነካው ቅጠል። ያልተከፈተችው አንዷ ብቻ ነበረች፤ የቡልጋሪያዋ። እዚያ ተምሮ የመጣ አንድ የግብርና ባለሙያ ነው የሰጣት። ትንሿ ጠርሙስ በተቀረጸና ቀለም በተቀባ የእንጨት ቀፎ ውስጥ ተቀምጣ ክዳኗ በሰም ታትሟል። እትዬ ትርንጎ ራሷ አሽትታት አታውቅም። «ይቺ ያንቺ ናት፤ አሥራ ሁለተኛን ስትጨርሺ አብረን እንከፍታታለን» ትለኝ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቆርቆሮው ከተቆለፈው ሣጥኗ ይወጣል። እጄን በውኃ ብቻ ታስታጥበኛለች፤ ሳሙና ይሸታላ! ጠርሙሶቹ የተጠቀለሉበትን ጥጥ ገልጣ ጠርሙሱን ሳይሆን ክዳኑን ወደ አፍንጫዬ ታስጠጋለች። ከአንዱ ወደ ሌላው ሳልፍ አፍንጫዬ እንዲያርፍ የነጠላዋን ጫፍ ታስሸተኛለች። ችኩል ስለነበርኩ ገና ክዳኑ ሲቀርበኝ «ደስ ሲል!» ብዬ እጮሃለሁ፤ ትስቅብኛለች። «ሽቶ እንደ ሰው ነው፤ ቀድሞ የሚያወራልሽን አትመኚው። ቆይቶ የሚለውን ስሚ።» ማምሻውን የክር ጫፍ ሽቶው ውስጥ ነክራልኝ ደብተሬ ውስጥ ታስቀምጥልኛለች። ሰኞ ክፍል ውስጥ ጠመኔና እርጥብ ሹራብ ሲሸት እኔ ደብተሬን ገልጬ ጣይፍ ደርሼ እመለስ ነበር።

ቤተሰቡ ነገሩን አልወደደውም። እናቴ «የሴት ልጅ ሽቶዋ ሙያዋ ነው» ትላለች። ጎረቤቱ ደግሞ ያላገባች ሴት ሽቶ ስታጠራቅም ውቃቢ ቢኖርባት ነው እያለ ያንሾካሹካል። አባባ ብቻ ዝም ይሉ ነበር። ዝምታቸው ደግነት ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ታላቅ እህቴ ስንዱ ለሞጣ ሰው ተዳረች። የሰርጉ ዕለት ማለዳ እትዬ ትርንጎ ሙሽራዋን ጓዳ አስገብታ ከጣይፏ አንዲት ጠብታ ከጆሮዋ ኋላ ነካችላት። ከዚያ ቆርቆሮ ከእኔ ሌላ ለሰው ስትሰጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ስጦታዋን ሰጥታ ጨርሳ ነበር፤ ግን ማንም አላስተዋለላትም።

የሙሽራው ወገን ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ወጉ ያው ነው፤ ልጃገረዶች በሩን ይዘው አናስገባም ይላሉ፣ ሚዜዎች ሽቶ ይረጫሉ፣ በሩ ይከፈታል። የእነዚህ ሚዜዎች ሽቶ ያለበት ሻንጣ ግን መንገድ ላይ ግንደወይን ከተማ ምሳ ሲበሉ ተረስቶ ቀርቷል። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ይሉ የለ፤ ያን ጊዜ ነው ሩጫው የተጀመረው። ሱቁ ሁሉ ደግሞ ባለቤቱ ሰርጉ ላይ ስላለ ዝግ ነው። መጀመሪያ ሳቅ ነበር። ቀጥሎ ከእኛ በኩል አንዷ «ሞጣዎች በባዶ እጅ ነው እንዴ ሚስት የምትወስዱት?» አለች። ከእነሱ ወገን አንድ ሽማግሌ ፊታቸው ተለዋወጠ። «እንግዲያውስ በባዶ እጃችን እንመለሳለን» አሉ። ዘፈኑ ቆመ። ውስጥ ስንዱ ማልቀስ ጀመረች።

አባባ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል መጥተው ወደ እትዬ ትርንጎ እጃቸውን ዘረጉ።

«የሣጥንሽን ቁልፍ አምጪ።»

«ጋሼ፣ እሱ እኮ የሚረጭ አይደለም።»

«ሽቶ ካልተረጨ ታዲያ ለምን ይሆናል? በሰው ፊት አታሰድቢኝ።»

ቁልፉን ከአንገቷ አወለቀች። «አንዷን ብቻ ይውሰዱ» አለቻቸው። እሺ አሉ። ሲወጡ ግን ቆርቆሮውን እንዳለ ታቅፈውት ነበር።

ሚዜዎቹ እየተሻሙ ከፈቱት። ጠርሙሶቹ የሚረጭ አፍ ስለሌላቸው መዳፋቸው ላይ እየገለበጡ ወደ ሕዝቡ በተኑት፤ ኮት ላይ፣ የዳሱ ቅጠል ላይ፣ የበሩ መቃን ላይ፣ አቧራው ላይ። አንዱ ለቀልድ ብሎ በቅሎ ቀባ። ሰው ያስላል፣ ይስቃል፣ እልል ይላል። እኔ የእትዬ ትርንጎን ቀሚስ ይዤ ቆሜያለሁ። ዓይኗን ጨፍናለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የምትጸልይ መሰለኝ። ጠጋ ብዬ ሳዳምጥ ስም እየጠራች ነው። «ሐረር... አስመራ... ይቺ ጣይፍ ናት...» እያንዳንዷን ስትፈስ በአፍንጫዋ ትሸኛታለች። ወዲያው አንደኛው ሚዜ የእንጨቱን ቀፎ በጥርሱ ሞክሮ እምቢ ሲለው ደፉ ላይ በድንጋይ ቀጠቀጠው። እትዬ ትርንጎ አየሩን ሳበች፤ ደግማ ሳበች። ጽጌረዳው ሁሉ ተደባልቆ አንድ ሆኗል። «ይቺን አላውቃትም» አለች። ዓይኗን ገልጣ እኔን አየችኝ። በሩ ተከፍቶ ሰርገኛው እየጨፈረ ገባ።

በማግስቱ ሽማግሌዎች ሊያጽናኗት መጥተው «የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፣ ልጃችን» አሏት። «ውኃ አይደለም» አለች። በሳምንቱ ደግሞ አባባ ጽጌረዳ የተሳለበት ትልቅ የሽቶ ጠርሙስ ከገበያ ገዝተው መጡ። «ይኸውልሽ፣ ያ ሁሉ ተጠራቅሞ የዚህን ግማሽ አይሆንም» አሉ፣ ከልባቸው። ክፋት ቢሆን ኖሮ ይቅር ባልኳቸው ነበር። ከልባቸው መሆኑ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። እትዬ ትርንጎ ጠርሙሱን መስኮቷ ላይ አቆመችው፤ ሳይከፈት ፀሐይ መልኩን ለወጠው። ክረምቱ ሳይገባ ዝውውር ጠይቃ ሞጣ ሄደች።

አባባ ያን ሰርግ እስኪሞቱ ድረስ አወሩት። «የእኔ ልጅ ሰርግ ነው ቢቸና በሽቶ የታጠበበት!» ይላሉ። ተዝካራቸው ላይ እንኳ ሰዎች ይህንኑ እያነሱ ቸርነታቸውን አመሰገኑ። የማን ሽቶ እንደነበር የጠየቀ የለም። ስንዱ እንደሆነች ልጅ ሳትወልድ ተፋትታ ተመለሰች። የተመለሰችው በክረምት ነው። የበሩ መቃን ዘይቱን ጠጥቶት ኖሮ ዝናብ ሲነካው ጽጌረዳ ጽጌረዳ ይላል። ሻንጣዋን አስቀምጣ «ይሄ ቤት ምነው ሽቶ ሽቶ ይላል?» አለች።

ዛሬ ያ ቤት ፈርሶ በብሎኬት ተሠርቷል፤ መቃኑም ተማግዶ አልቋል። ስልኩ በየሰዉ እጅ ነው፤ ጠብቂ የሚባል የለም። ሽቶውም እንደዚያው በየሱቁ መደርደሪያ ሞልቷል፤ ሁሉም ገና ሲከፈት ይጮሃል፣ ቆይቶ የሚለው ነገር ግን የለውም። ሚዜዎች ሽቶው አልበቃ ብሏቸው በቆርቆሮ የታሸገ ነጭ አረፋ ጨምረውበታል። የብስኩት ቆርቆሮ ታቅፎ እሑድን የሚጠብቅ ሰው ቢኖር በቪዲዮ ቀርጸው ይስቁበታል።

አሥራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ስንት ዘመኔ! በቅርቡ ከውጭ የሚመጣ አንድ የማውቀውን ሰው ለመንኩትና ያቺኑ የእንጨት ቀፎ ያላትን የቡልጋሪያ ጽጌረዳ አመጣልኝ። ሳልነካት በአውቶቡስ ይዣት ሞጣ ሄድኩ። እትዬ ትርንጎ አርጅታለች፤ ጡረታ ወጥታ ብቻዋን በአንድ ክፍል ቤት ትኖራለች። አፍንጫዋ ግን አላረጀም። ገና ስስማት «መንገድ ላይ ከጎንሽ ብርቱካን የሚበላ ሰው ነበረ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ነበረ።

ጠርሙሷን መዳፏ ላይ አኖርኩላት። አገላበጠቻት፤ ቅርጹን በጣቷ ዳሰሰች፤ ሰሙን ነካች። «አሁን እንክፈታታ፣ እትዬ» አልኳት። ወደ በሩ አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ።

«ደግሞ የማን ሰርግ አለ?» አለችኝ።

ማንም አያገባም ብላት አላመነችኝም። በመሀረብ ጠቅልላ መልሳ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተቻትና ዚፑን ራሷ ዘጋችው።