ዊልፍ አስፒናል በጎረቤቱ ላይ የጻፈው

ዊልፍ አስፒናል ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ፣ ሰዓት የሚያከብር፣ ከሰው ነገር የማይፈልግ ሰው ነበር። የሚኖረው በሰሜን እንግሊዝ፣ የጥጥ ፋብሪካዎቿ ከተዘጉ ዘመን ባስቆጠሩ ከተማ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ከሚያከራያቸው ቤቶች በአንዱ ነው። ቤቶቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ የተጣበቁ ናቸው፤ አንዱ ሲያስል ሌላው ይሰማል። ከግድግዳው ወዲያ ኤድና ሆልሮይድ ነበረች። ዕድሜዋን በትምህርት ቤት ወጥ ቤት የጨረሰች፣ ትዳር ያልያዘች፣ ሳቂታ ሴት። ሃያ ስድስት ዓመት ተጎራብተዋል።

የዊልፍ ሚስት ቤሪል በካንሰር በተኛችበት ክረምት ኤድና በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ሾርባ ይዛ ትመጣ ነበር። ታጎርሳታለች፣ ገላዋን ታጥባታለች፣ ዊልፍ አይቶ የሚሸሸውን ሁሉ እሷ ትሠራለች። ቤሪል ከሞተች በኋላ ግን ዊልፍ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ኤድና ስታንኳኳ ደህና ነኝ ብሎ ከደጅ ይመልሳታል። ውሎ አድሮ ማንኳኳቷን ተወች።

በሁለተኛው ዓመት ግድግዳውን መደብደብ ጀመረች። ልክ ከምሳ በኋላ፣ እሱ ጋደም ሲል፣ በመጥረጊያ እንጨት ቋ ቋ ታደርገዋለች። ቀጥሎ ቆሻሻዋን በአጥር ላይ ወደ እሱ ጓሮ ትጥል ጀመር። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ፣ ሰው በተሰለፈበት፣ ደብዳቤዬን የምትሰርቀኝ አንተ ነህ ብላ አዋረደችው። ይህን ሁሉ ቻለው። አንድ ጠዋት ግን ቤሪል የተከለቻቸውን ጽጌረዳዎች ከሥራቸው ተቆርጠው አገኛቸው። መቁረጫው ኤድና ደጃፍ ላይ ወድቋል። ዊልፍ ኮቱን ለብሶ በቀጥታ ማዘጋጃ ቤት ሄደ።

ቤቶች ክፍል ውስጥ ያስተናገደችው ናዚያ ማህሙድ የምትባል ትጉህ ልጅ ነበረች። በጎረቤት ለሚታወክ ሰው የሚሰጠውን ቅጽ ሰጠችው። ቀን፣ ሰዓት፣ የተፈጸመው ድርጊት፣ በእርስዎ ላይ ያደረሰው ጉዳት ይላል። ዊልፍ አሥራ አራት ወር ሙሉ ሞላው፤ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት ይጽፍ እንደነበረው፣ አንዲት ደቂቃ ሳያዛንፍ። ለኤድና የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ተላከ፣ ሁለተኛው ተከተለ፣ የመጨረሻውም ደረሰ። ለአንዱም መልስ አልሰጠችም። ፍርድ ቤት ስትጠራ አልቀረበችም። ቤቱን እንድትለቅ ተፈረደባት።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዎች ዕቃዋን መኪና ላይ ሲጭኑ ዊልፍ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሞ ነበር። ኤድና መንገዱ ዳር ቆማለች። ካፖርቷን ገልብጣ ለብሳዋለች፤ ገበሩ በውጭ በኩል ነው። ይህን አየ፣ በደንብ አየ። ከዚያ መጋረጃውን ለቀቀው።

ዓመት አለፈና ናዚያ ደጁ መጣች። ማዘጋጃ ቤቱ ፖሊሱን፣ እሳት አደጋውን፣ ጤና ጣቢያውንና ቤቶች ክፍሉን አንድ ላይ ሊያሠለጥን ነው። እስካሁን ሁሉም በየፊናው ሲሮጥ አንዱ የሚያውቀውን ሌላው አያውቅም ነበር። ሥልጠናውን የምትሰጠው እሷ ናት። ስም ለውጣ የእሱን ጉዳይ ለልምምድ ልታቀርበው ትፈልጋለች፤ እሱም መጨረሻ ላይ እንደ ተበዳይ ቢናገር ደስ ይላታል። ዊልፍ በደስታ እሺ አለ። የደረሰበትን የሚሰማው ሰው አግኝቶ አያውቅም። የሚናገረውን በወረቀት ጽፎ፣ ከቤሪል ቀብር ወዲህ ያላሰረውን ክራቫት አስሮ ሄደ።

ሥልጠናው የከተማው ቤተ መጻሕፍት ፎቅ ላይ ነበር፤ ሠላሳ ያህል ሰዎች ተሰብስበዋል። ፖሊስ ከፖሊስ፣ ነርስ ከነርስ ተጠጋግቶ ሻዩን ይጠጣል። ናዚያ ለየጠረጴዛው አንድ አንድ ፖስታ ሰጠችና በዚህች ሴት ላይ ምን ትወስናላችሁ አለቻቸው። አንደኛው ውስጥ የዊልፍ ቅጾች ነበሩ። እነሱ የደረሷቸው ሰዎች ከቤት ትውጣ አሉ። የፖሊሱ ፖስታ ቤቴ ሰው ገብቷል እያለች አሥራ አንድ ጊዜ መደወሏን ይናገራል፤ በከንቱ ፖሊስ በመጥራት ትቀጣ ተባለ። የእሳት አደጋው ምድጃ ላይ ተረስተው ስላረሩ ሁለት ድስቶች ነው። የጤና ጣቢያው ደግሞ በቀጠሮዋ ሦስት ጊዜ እንደቀረችና የተወለደችበትን ቀን ተጠይቃ እንዳላወቀችው ይላል።

ከዚያ ናዚያ ወረቀቱን ሁሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ እንዲዘረጉት አደረገች። ሰዎቹ ቆመው፣ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ አንገቱን እያሰገገ አነበቡ።

አንድ ግዙፍ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው ቀድሞ የተናገረው። “ይቺ ሴትዮ እኮ ረባሽ አይደለችም” አለ። “ታማለች። አእምሮዋ እየከዳት ነው። እናቴንም እንዲህ አድርጓት ነበር።”

“አሥር ደቂቃ አልፈጀባችሁም” አለች ናዚያ። “እኛ አሥራ አራት ወር አይተን አላየነውም። የመጨረሻውን ደብዳቤ የፈረምኩት እኔ ነኝ።” ብርጭቆዋን አንስታ ውሃ ጠጣች።

ዊልፍ ተራው ደርሶ ሲጠራ ወረቀቱን ከኪሱ አላወጣም። ፊት ለፊት ቆሞ የተዘረጉትን ወረቀቶች አየ። አንዲት ወጣት ፖሊስ ልትረዳው ብላ፣ “ሚስተር አስፒናል፣ ከእነዚህ ፖስታዎች የትኛው በጊዜው ቢደርስዎ ይጠቅምዎ ነበር?” ብላ ጠየቀችው።

“ለእኔ ፖስታ አያስፈልገኝም ነበር፣ የኔ ልጅ” አለ። “ሃያ ስድስት ዓመት አውቃታለሁ። ሚስቴን ያስታመመችልኝ እሷ ናት። እንደዚያ ያለች ሴት ድንገት ስትለወጥ፣ ምን ሆነሻል ብዬ አልጠየቅኋትም። ቅጹ ስለዚያ አልጠየቀኝም። እኔም አልጻፍኩም።” ሄዶ ተቀመጠ።

ኤድና የገባችበትን የአረጋውያን መጦሪያ አፈላልጋ፣ ፈቃድ ጠይቃ ያገናኘችው ናዚያ ናት። ኤድና መስኮት ዳር ተቀምጣለች፤ ከስታ ትከሻዋ የሕፃን ያህል ሆኗል። አላወቀችውም። ጋዝ ሊያይ የመጣ ሠራተኛ መስሏት ማሞቂያው ደህና ነው፣ አትቸገር አለችው። እሱም እሺ ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ። ስለ ትምህርት ቤቱ ልጆችና ስለ ድንች ዋጋ ስታወራው ቆየችና ድንገት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

“ጎረቤት አለኝ፤ ዊልፍ ይባላል። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ሰው ማነጋገር ትቷል። ቤቱ ጭጭ ሲል ሞቶ ይሆን እላለሁ። ግድግዳውን መታ መታ አደርግለታለሁ፣ ደህና ከሆነ ይመልስልኝ ብዬ።” ራሷን ነቀነቀች። “አይመልስም።”

እውነቷን ይሁን የታመመ አእምሮዋ የፈጠረው፣ ዊልፍ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። እኔ ነኝ ሊላት አፉን ከፈተ። ያኔ ነርሷ ሻይ ይዛ ገባች።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ይሄድ ነበር። አንዳንዴ ጋዝ ሠራተኛ ይሆናል፣ አንዳንዴ ወንድሟ። ማንነቱን ግን አንድም ቀን አልነገራትም፤ ዛሬ እነግራታለሁ እያለ ይነሳል፣ ሳይነግራት ይመለሳል። በየካቲት ሞተች።

ቀብሯ ላይ ስድስት ሰው ተገኘ። ከሩቅ ከተማ የመጣ የወንድሟ ልጅ የዊልፍን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

“ነርሶቹ ነግረውኛል” አለው። “ዘመድ ያላደረገውን አደረጉላት። እንደ እርስዎ ያለ ጎረቤት የት ይገኛል?”

ናዚያ አጠገባቸው ቆማ ነበር፤ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። ዊልፍ እውነቱን ሊናገር ፈለገ። ልጁ ግን እያለቀሰ ነው። “ጥሩ ሴት ነበረች” ብሎ እጁን ከእጁ አላቀቀ።

መሥሪያ ቤቶቹ ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መሰብሰብ ጀመሩ። ዊልፍ ሁለት ሥልጠና ላይ ተጋብዞ ተናገረ። ለሦስተኛው ናዚያ ስትደውልለት አልመጣም አላት። ታምመው ነው ወይ ብላ ተጨነቀች።

“ደህና ነኝ” አላት። “ተናግሬ ስጨርስ ያጨበጭቡልኛል። እሱን አልቻልኩትም።”