ክንፉን ሲሰበስብ

የወንድሜ ልጅ በስልኩ አንድ የአውሮፕላን ክንፍ አሳየኝ። በረራ ላይ እንዳለ፣ እንደ አሞራ ክንፍ ቅርፁን ይቀይራል፤ መጋጠሚያም ስንጥቅም የለውም። «ነዳጅ ይቆጥባል፣ አክስቴ። ሲቀየር እኮ አይታወቅም!» አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ውጭ አገር የሚሄደው ይህንኑ ሊማር ነው።

እኔን ግን ሲቀየር የማይታወቅ ነገር አይጥመኝም።

ቀለበት መንገዱ ሳይሠራ፣ ከኤርፖርቱ አጠገብ ያለው ገርጂ ሜዳ ነበር። ታላቅ እህቴ ዘይነባ ለሥራ ወደ ጅዳ የሄደች ቀን፣ ከወሎዬው አያቴ ጋር እዚያ ሜዳ ላይ ቆምን። ያስኬዳት ደላላ «ሄዶ መምጣት ነው» ብሎን ነበር። አንድ አውሮፕላን ሊያርፍ በላያችን አለፈ፤ የክንፉ የኋላ ጠርዝ ተዘርግቶ ወደ ታች ታጥፏል፣ የነዳጁ ሽታ ጉሮሮ ይከረክራል። ቀጥሎ የእሷ፣ እንደዚያው ክንፉን ዘርግቶ ተነሣ። ከፍ እያለ ሲሄድ ያ የተዘረጋው ሁሉ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ።

አያቴ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው አዩት። «ሲመጣ ዘርግቶ ነው። ልጃችንን ይዞ ሲሄድ ግን ምን ሊደብቅ ነው የሚሰበስበው?»

«ለፍጥነት ነው አሉ፣ አባባ» አልኳቸው።

«ማን አለ? ደላላው?»

ከዚያ ወዲያ እስኪሞቱ ድረስ የሚያርፈውን አውሮፕላን ሁሉ ክንፉን ያዩ ነበር። የዘይነባ ድምፅ ከጠፋ ስንት ዘመኑ።

«ስለ ጉዞዬ አታስቢ፣ አክስቴ» አለ የወንድሜ ልጅ። «ሄዶ መምጣት እኮ ነው።»

ስልኩን ከእጁ ተቀበልኩና ቪዲዮውን እንደገና ከፈትኩት። መጋጠሚያውን ፈለግኩ።