ሽንኩርት የገባበት ሳሎን

መንደራችን ቫልዶሶ ውስጥ መቶ ሃያ ቤት አለ፤ ሰው የሚያድርበት ግን አርባው ብቻ ነው። የቀረው ፈረንሳይና ሉክሰምበርግ የሚኖሩ ልጆቻችን ቤት ነው። እዚያ የሌላ ሰው ወለል እየወለወሉ፣ እዚህ ከአለቃቸው ቤት የሚበልጥ ቤት ይሠራሉ። በሩ ላይ ሁለት የድንጋይ አንበሳ ያቆሙና ቤቱን ለአንበሶቹ ትተውላቸው ይሄዳሉ። በኦገስት የመጀመሪያው ቀን ይመጣሉ፣ ኦገስት ሲያልቅ ይመለሳሉ።

በመካከሉ ላሉት አሥራ አንድ ወራት ቤቶቹን መስኮት ከፍተው የሚያናፍሷቸው እትዬ ዙልሚራ ናቸው። ባላቸው ከሞተ ቆይቷል፤ ቁመታቸው ከመጥረጊያ እንጨት ብዙም አይበልጥም። የአሥራ ዘጠኝ ቤት ቁልፍ ወገባቸው ላይ ስለሚያንጠለጥሉ፣ ሲራመዱ ከሩቅ የሰማቸው እንግዳ መንጋ መጣ ብሎ መንገድ ይለቃል። ደመወዝ የላቸውም። በዓመት አንድ ሳሙና፣ አንድ ቸኮሌትና «እርሶ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር» የሚል ቃል ይበቃቸዋል። ከእሳቸው በፊት ቁልፍ ትይዝ የነበረችው ሴት ከአንዱ ቤት በጠጣችው አንድ ጠርሙስ ወይን ጦስ አንድ ቁልፍ ተነጠቀች። በሳምንቱ ሁሉንም ተነጠቀች፣ በወሩ መንደሩን ለቃ እህቷ ጋ ገባች። እትዬ ዙልሚራ ይህን ታሪክ ከጸሎታቸው ቀጥሎ ይደግሙታል።

ታዲያ የቤልሚሮና የኦቲሊያ ቤት አሳሳታቸው። ቤተሰቡ አምስት ዓመት አልመጣም። አንዱን ዓመት የኦቲሊያ ጉልበት ከለከላቸው፣ ሌላውን የልጅቷ ፈተና፣ ሌላውን መኪናው። ቤቱ ደረቅ ነው፣ ነፋሻ ነው፣ ባዶ ነው። በመጀመሪያው ዓመት አንዲት ጉንጉን ሽንኩርት ወጥ ቤቱ ውስጥ ተሰቀለች። በሁለተኛው እህቶቿ ተከተሏት። ዘንድሮ ሽንኩርቱ ሳሎኑን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞልቶ፣ ፕላስቲኩ ያልወለቀውን ሶፋ ወርሶ፣ ደረጃውን መውጣት ጀምሮ ነበር። ነጭ ሽንኩርቱ መብራቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ባቄላው የእንግዳ አልጋ ላይ ተኝቷል። ቤልሚሮ ከፈረንሳይ፣ ከሊዮን ድረስ በጀርባው ያመጣው ይመስል ለአሥር ዓመት ባወራለት የገላ ገንዳ ውስጥ ደግሞ አንዲት ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋለች። እትዬ ዙልሚራ የጁላይ መጨረሻ ላይ ሁሉንም ሊያወጡ አስበው ነበር። ከኦገስት አንድ በፊት የመጣ ሰው ቫልዶሶ አይታ አታውቅም።

ጁላይ ሃያ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ በአርሊንዶ ካፌ ተቀምጠን ስለ ሙቀቱ ስንዋሽ ከድልድዩ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። ከውጭ የመጣ ሰው ከድልድዩ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ጡሩምባ ሳይነፋ አይገባም። እትዬ ዙልሚራ አደባባዩን አቋርጠው መጡ፤ ፊታቸው የአይብ ውሃ መስሏል።

«ቤልሚሮ ነው» አሉ። «ሽንኩርቱ ሳሎን ነው ያለው።»

«ይሂዱ እትዬ» አላቸው አርሊንዶ። «እኛ እንይዘዋለን።»

ደጉ ነገር፣ የመጣ ሰው ካፌውን አልፎ ቤቱ አይሄድም። ይቆማል፣ ለሁሉም ይጋብዛል፣ ሁሉም ደግሞ በየተራ ካልመለሰለት አይነሳም። ሌላ ጊዜ ተራችን ሲደርስ ግማሾቻችን እንቅልፍ ይወስደናል። ያን ቀን ግን አሥራ አንዳችንም የመሳፍንት ልጆች ሆንን። ገንዘባችን ዩሮ ከሆነ ወዲህ ለሰው ውሃ ያልገዛሁት እኔ ሁለት ጊዜ ጋበዝኩ። አርሊንዶ ለገና ያስቀመጠውን የአሳማ ጭን አወረደ። ወሬ ሲያልቅብን የአጎቴን አሟሟት አወራሁ፤ አሁንም ወሬ ሲያልቅ በሌላ በሽታ ደግሜ ገደልኩት። ቤልሚሮ በደስታ አለቀሰ። አገሩ እንዲህ እንደሚወደው አያውቅም ነበር።

ሚስቱ ኦቲሊያ ግን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ጎረቤት የሚገፋው አንድ የእጅ ጋሪ ሽንኩርት አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። ስድስተኛውን ስታይ ወደ አርሊንዶ ዞረች።

«ዘንድሮ ሽንኩርት በዝቷል እንዴ?»

«ክፉኛ» አላት አርሊንዶ ብርጭቆ እየወለወለ።

«ሁሉም ከእኔ ቤት በኩል ነው የሚመጣው።»

«መንገዱ በዚያ ነው» አለ። ወዲያው ሴትየዋ ተነሳች፤ ባሏ ሊጨርሰው ሁለት ብርጭቆ የቀረውን ፍቅር ትታ ወጣች። ሁላችንም ተከተልናት።

እትዬ ዙልሚራ በአንበሶቹ መካከል ቆመው ላባቸውን በሽርጣቸው ይጠርጋሉ። ሳሎኑ ያበራል፤ ሽታው ግን እንባ ያስመጣል። ኦቲሊያ ገና አፏን ሳትከፍት ቀድማን የገባችው ልጇ ናዲን ከፎቅ ወረደች።

«እማዬ፣ ገንዳው ውስጥ ዶሮ ተኝታለች።»

ዶሮዋን የረሳናት ለካ ሁላችንም ነን።

«እትዬ ዙልሚራ» አለች ኦቲሊያ፣ «ቁልፉን ይስጡኝ።»

በሩ ላይ የተሰበሰበው መንደር ያችን የወይኗን ሴት አስታወሰ። እትዬ ዙልሚራ ቁልፉን ከወገባቸው ለመፍታት ሦስት ጊዜ ሞከሩ። «የእኔ ጣሪያ ያፈሳል» አሉ። «ሽንኩርቴ ሁለት ዓመት በሰበሰብኝ። ያንቺን ቤት ከፈትኩት። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ኦቲሊያ ቁልፉን ይዛ ገባች፣ በሩን ዘጋች። ቁም ሣጥን ሲከፈት፣ መሳቢያ ሲጎተት እንሰማለን። ቤልሚሮ ሊገባ ሲል አርሊንዶ ክንዱን ያዘው። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ነጭ አንሶላ በእቅፏ ይዛ ወጣች።

«ሻጋታ የለበትም» አለች። «አንዱም አንሶላ የለበትም። ስመጣ ሁልጊዜ የእረፍቴን ግማሽ ሻጋታ ሳጥብ ነው የምጨርሰው። በቀን ስንቴ ነው መስኮቱን የሚከፍቱት?»

«ለሽንኩርቱ ሁለቴ። በብርዱ ወራት ምድጃም አነድዳለሁ፤ በራሴ እንጨት።»

«የሌሎቹንስ?»

«በሳምንት አንዴ» አሉ እትዬ ዙልሚራ፣ አንገታቸውን ደፍተው።

ኦቲሊያ ቁልፉን መዳፋቸው ውስጥ አስቀምጣ ጣቶቻቸውን በላዩ አጠፈችላቸው። «ሶፋው ላይ ግን አይደረግ» አለች። «ዶሮዋም ትውጣ።»

ቁልፉ እጃቸው ሲገባ ድምፃቸውም ተመለሰ። «ሶፋው ይሁን። ዶሮዋ ግን ጫጩት ሳታወጣ አትነሳም። ስምንት ቀን ቀርቷታል።»

ቤልሚሮ ስምንት ቀን ሙሉ ጓሮ ቆሞ በአትክልት ማጠጫ ጎማ ታጠበ። ስለ ገንዳው ማውራቱንም ተወ፤ ይህ ብቻ ለመንደሩ ትልቅ እረፍት ነበር። ሲመለሱ የመኪናው ኋላ በሽንኩርት ተሞልቶ የፊት ጎማዎቹ መሬት የነኩት በጸሎት ነው።

በኖቬምበር የኦቲሊያን አንሶላ ወሬ የሰሙ ሁለት ሰዎች ከሉክሰምበርግ ደወሉ። የእኛ ቤት ምን አጥፍቶ ነው ሽንኩርት የማይገባበት ብለው አኮረፉ። እትዬ ዙልሚራ ለአንደኛው ድንች ፈቀዱለት፣ ለሌላው ባቄላ። ከእነሱ ቀጥሎ የደወለው ሦስተኛው ወረፋ ላይ ነው፤ ምን ያድርጉ፣ መሬታቸው ትንሽ ናት።