አክስቴ የነቀለችው ሶኬት

ትናንት ከሰዓት በጫሞ ሐይቅ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ማጉረምረም ሲጀምር ብድግ ብዬ የቤቱን ሶኬት ሁሉ ነቀልኩ። ልጄ ሳቀችብኝ። "እማዬ፣ አሁንም?" አለች። አዎ፣ አሁንም። እሷ ያንን ቀን አላየችውም።

ያኔ የኮምፒውተር ትምህርቴን ጨርሼ፣ ሲቀላ ሰፈር አክስቴ አልማዝ ቤት ተቀምጬ ሥራ እፈልግ ነበር። አብሮኝ የተማረው የካምባው ልጅ ካሳሁን እየመጣ በአንዲት አሮጌ ኮምፒውተር እንለማመድ ነበር። ኮምፒውተሯ ውስጥ በሶፍትዌር ሌላ ኮምፒውተር ፈጠርን፤ በዚያ ውስጥ ደግሞ ሦስት ሰርቨሮች። ያበሳጨን ዲስኩ ነበር። ከውስጥ ያለው ሰርቨር አንድ ፋይል እስኪጽፍ ድረስ ከጫኖ መንደር ሙዝ ይዞ የመጣ ሰው ሸጦ ይመለሳል! ጥፋቱ ከፍርሃታችን ነው። መብራት ስለሚጠፋ፣ እያንዳንዱ ጽሑፍ ዲስኩ ላይ ማረፉ ሳይረጋገጥ ሌላው እንዳያልፍ አዘን ነበር። ማረጋገጫው ደግሞ በየደረጃው ይደጋገማል።

በማግስቱ ጠዋት ካሳሁን ለሥራ ይፈተናል። ኮምፒውተሯን ይዞ ሄዶ ሦስቱ ሰርቨሮች ሲሠሩ ማሳየት አለበት። ካልሆነለት ካምባ ተመልሶ የአባቱን ሱቅ ሊጠብቅ ነው፤ ይህን ሲያስበው ምግብ አይወርድለትም።

"ማረጋገጫውን እናንሳው" አለኝ። "ሚሞሪ ላይ ይያዝና ዲስኩ ቀስ ብሎ ይድረስበት።"

"መብራት ቢጠፋስ? ሚሞሪ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል።"

"ኧረ አታሟርቺ!"

አነሳነው። ሰርቨሮቹ እየተከታተሉ ተነሱ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ፤ ሁለታችንም እንደ እብድ ጮህን። እንዲሁ እየሠሩ ትተናቸው አሳ ለብለብ በዳጣ ልንበላ ወጣን። አፋችን በዳጣው እየተቃጠለ ሳለ ነጎድጓዱ መጣ።

በዝናብ በስብሰን ስንመለስ ኮምፒውተሯ ጠፍታለች፤ ሶኬቱ መሬት ላይ ወድቋል።

"ሲያጉረመርም ነቀልኩት" አለች አክስቴ። "እናንተ እንደሆነ ለሆዳችሁ ሄዳችኋል።"

"አክስቴ፣ ምን አደረግሽን!" ብዬ ጮህኩባት። በዚያች ደቂቃ ጠላኋት። ካሳሁን ፊቱ አመድ መስሎ ሶኬቱን አንስቶ ሊሰካ ሲል እጁን አፈፍ አድርጋ ያዘችው።

"ተው፣ ልጄ!"

ወዲያው ቤቱ በመብረቅ ብርሃን ተሞላ፤ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። ከጎረቤታችን ከነጋዴው ከሐጂ ኑሪ ቤት ጩኸት ተሰማ። ሮጠን ስንደርስ ቴሌቪዥናቸው ጭስ ይተፋል። ካሳሁን አክስቴ የያዘችውን እጁን አየ።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ኮምፒውተሯ በደህና ተነሳች። የሰርቨሮቹ ዲስኮች ግን ጽሑፉ ሳያርፍባቸው ሶኬቱ ስለተነቀለ ሁሉም ተበላሽተዋል። ከዜሮ ጀመርን። ድሮ ቀኑን ሙሉ የሚፈጀው ሥራ አክስቴ እራት ሳታቀርብ አለቀ! ማረጋገጫው ስለተነሳ ዲስኩ ፈጥኖ ነበራ። ከዚያ ማረጋገጫውን መለስነው፤ ካሳሁንም ፈተናውን አለፈ።

ትናንት ሶኬቱን ነቅዬ ሳልቀመጥ ስልኬ ጠራ። ካሳሁን ነው፤ ከሐዋሳ።

"ወደ እናንተ ደመና አለ አሉ። ነቀልሽ?"

አክስቴ ካረፈች ወዲህ የሚጠይቀኝ እሱ ነው። "ነቅያለሁ" አልኩት፤ "አክስቴ እንዳደረገችው።" ልጄ አየችኝ፤ ሳቋን ትታ ሄደችና የራሷን ቻርጀር ነቀለች።