መዶሻ ያልነካው ናሙና

እኔ የምሠራበት ክፍል ውስጥ ሰው ቢጮህ ድምፁ አይመለስለትም። ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ በሩ ሳይቀር ጥቁር ሾጣጣ ስፖንጅ ለብሷል፤ አዞ አፍ ውስጥ የገባህ ይመስልሃል። በሩ ሲዘጋ ሞባይል ይሞታል፣ ጆሮም የራሱን ደም መስማት ይጀምራል። መጀመሪያ የገባሁ ቀን “እንግዲህ መቃብር ማለት ይኼ ነው፤ ልምምድ ጀመርኩ ማለት ነው” ብዬ ሳቅኩ። ሳቄ ከአፌ ወጥቶ እዚያው እግሬ ሥር ወደቀ። ከዚያን ቀን ወዲህ እዚያ ክፍል ውስጥ ቀልድ አውርቼ አላውቅም። የሚያውቀኝ ሰው ይኼ ምን ያህል እንደሚከብደኝ ይረዳል።

ቦታው ሳዑዲ ዐረቢያ፣ ራካ ነው፣ በደማምና በኾበር መካከል። ከውጭ ሲያዩት መጋዘን ይመስላል። ወደ አገር የሚገቡ ትንንሽ ዕቃዎች ገበያ ከመውጣታቸው በፊት ምን ያህል የሬዲዮ ሞገድ እንደሚረጩ የሚለካው እዚህ ነው። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ ላይ ሙያዬ “ጽዳት” ተብሎ ተጽፏል። ሰው ሲጠይቀኝ ግን “ሬዲዮ ላይ ነው የምሠራው” እላለሁ። ውሸት አይደለም። ዕቃውን በመዞሪያው ጠረጴዛ ላይ የማስቀምጠው እኔ ነኝ። ሽቦውን የማስተካክለውም እኔ ነኝ። ፈተናውን የወደቀውን፣ ባለቤቱም አልፈልገውም ያለውን ዕቃ፣ ማንም አንስቶ እንዳይጠቀምበት በመዶሻ የምሰብረው ደግሞ እኔ ነኝ። ሰብሬም መዝገቡ ላይ “ተሰብሯል” ብዬ እፈርማለሁ። ከሦስቱ ሥራ ተሰጥዖ ያለኝ መዶሻው ላይ ነው።

አንድ ጊዜ ግን ሳልሰብር ፈረምኩ።

ከክብሪት ሳጥን የማትበልጥ ነጭ ማስተላለፊያ ነበረች። የኪስ ሙዚቃ ማጫወቻ ላይ፣ የጆሮ ማዳመጫው በሚገባበት ቀዳዳ ትሰካታለህ፤ እሷ ዘፈኑን በኤፍኤም ትረጨዋለች፣ የመኪናህ ሬዲዮ ይቀበላታል። የሚፈቀድላት ከመኪናው ወንበር እስከ መኪናው ሬዲዮ ድረስ መንሾካሾክ ብቻ ነው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት፣ ማጫወቻውን ከፈትኩ፣ በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ጠረጴዛው ቀስ ብሎ አንድ ዙር ዞረ። ፊት ለፊት የቆመው አንቴና በምሰሶው ላይ ወጣ፣ ወረደ። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴው መስመር እንደ ሣር ሲርመሰመስ ቆየና አንድ ቦታ ላይ ቀዩን መስመር ጥሶ እንደ ጦር ቆመ።

ኢንጂነሩ የደሴ ልጅ ነው። በዕድሜ ልጄ ይሆናል፣ በሥራ አለቃዬ ነው።

“ወይ ጉድ! ጋሼ፣ ይቺ ማስተላለፊያ አይደለችም፣ ጣቢያ ናት” አለ።

“ወደቀች?”

“ወድቃለች። ከሚፈቀድላት በላይ ነው የምትጮኸው። ኸላስ፣ አበቃላት፣ ለመዶሻዎ ትድረስ።”

ሪፖርቱን አተመው፤ በእንግሊዝኛ፣ ሁለት ገጽ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ የተጻፈችውን የመውደቅ ቃል ዓይኔ ያውቃታል። ሁለተኛውን ገጽ አልገለጥኩም። ብገልጠውም አላነበውም ነበር፤ መጠየቅ ግን እችል ነበር። የምሰማውን ሰምቼ ነበርና አልጠየቅኩም፦ ትጮኻለች። የምትጮህ ነገር ደግሞ እፈልግ ነበር።

የምኖረው ኾበር፣ ዐቅረቢያ ሰፈር ነው፣ ከወርክሾፖቹ በላይ ሁለተኛ ፎቅ። ዓርብ ጠዋት ስምንት ሰው እኔ ክፍል ይሰበሰባል። መጋረጃውን ዘግተን በሹክሹክታ እንዘምራለን፣ እንጸልያለን። እኔ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ነው የምቀመጠው። “ዘበኛ ነኝ” እላለሁ። የምጠብቀው እንቅልፌን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ቤቱ የእኔ ስለሆነ አያባርሩኝም።

ከመንገዱ ማዶ ባለው ግቢ የእኛው አገር ልጅ በቤት ሠራተኝነት ትሠራለች። ማዳሟ አትመታትም፣ አታስርባትም፤ ብቻ ከበሩ አታስወጣትም። ከሰዓት በኋላ ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ ነው ገንዳው ጋ የምንገናኘው። ጊዜያችን ከረጢት የመወርወር ያህል ነው። እኔ ከረጢቴን ሁለት ጊዜ እወረውራለሁ፣ አንዱን መልሼ እያወጣሁ።

“አባባ” አለችኝ አንድ ቀን፣ “ዓርብ ዓርብ ልብስ ሳሰጣ መስኮታችሁን አየዋለሁ። መጋረጃው ሲነቃነቅ ‘አሁን ተነሡ፣ አሁን ተቀመጡ’ እላለሁ። ድምፁ ግን አይመጣም።”

“በስልክሽ ልላክልሽ?”

“ስልኬ? እሱ ማዳም ጋ ነው ያለው፤ ከፍታ ሁሉን ታየዋለች። እኔ ያለችኝ ይቺ የቁልፍ ስልክ ናት። ሬዲዮ አላት፣ ሌላ ምንም የላት።”

ሬዲዮ! ሬዲዮ ምን ዱካ ይተዋል? ጆሮ ገብቶ ይጠፋል፣ ኸላስ። እንዲህ ብሎ ያሰበው ሰው ደመወዝ የሚከፈለው የሬዲዮ ሞገድ ዱካ በሚለካበት ቤት ነው።

በማግስቱ ነጯን ኪሴ ከተትኩና መዝገቡ ላይ “ተሰብሯል” ብዬ ፈረምኩ። የጸሎቱንና የመዝሙሩን ድምፅ በማጫወቻ ቀድቼ፣ በሚቀጥለው ዓርብ ከመስኮቱ ሥር አስቀምጬ ለቀቅኩት። የሬዲዮውን ቁጥር ገንዳው ጋ ነግሬያት ነበር። እሷ ጣራ ላይ ወጣች፣ ማዳመጫዋን በሻሿ ሥር አስገባች። ትንሽ ቆይታ ቀይ የትራስ ልብስ ገመዱ ላይ ሰቀለች። ተስማምተን ነበር፦ ቀይ ከተሰቀለ ተሰምቷል ማለት ነው።

“አንድ ሳምንት ዘግይተሽ ነው የምትጸልዪው” አልኳት ገንዳው ጋ።

“እሱ አይቆጥርብኝም። ግን አባባ፣ ስብከቱ መሃል ምንድን ነው የሚያጓራው?”

“የአየር ማቀዝቀዣው ነው።”

“አየር ማቀዝቀዣው ‘እህ’ ብሎ ነቃና ‘አሜን’ አለ እኮ!”

ከረጢቷን ጥላ፣ አፏን በእጇ ሸፍና እየሳቀች ገባች። ስትስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እንዲህ ሆነን ጥቂት ዓርቦች አለፉ። ከዚያ ነጩ መኪና መጣ።

ዓርብ ጠዋት ዐቅረቢያ ሙት ነው፤ ወርክሾፑ ዝግ፣ መንገዱ ባዶ። መኪናው በሰው እርምጃ እየተጎተተ በሰፈራችን አለፈ። ጣሪያው ላይ አራት አጫጭር ዘንጎች በካሬ ቆመዋል። ሌላ ሰው ቢያየው ዕቃ መጫኛ ይለዋል። እኔ ግን ከአንቴና ጋር ነው የምውለው። ማጫወቻውን ዘጋሁት። ማዶ ጣራ ላይ ልጅቷ ቀና ብላ መስኮቴን አየች። መኪናው ጥግ ላይ ቆመ፣ ቆየ፣ ሄደ። “የኢንተርኔት ሰዎች ናቸው” ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ራሴን ማታለል ቀላል ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አምኖኝ ያውቃል።

በሚቀጥለው ዓርብም መጣ። በዚህኛው ወደ እኛ ጎዳና አንድ ሕንፃ ቀርቦ ነበር።

እሁድ ከምሳ በፊት ኢንጂነሩ ወንበሩን አዙሮ ጠራኝ።

“ጋሼ፣ ያቺን ነጯን ሰብረዋታል?”

“ፈርሜያለሁ።”

“መፈረምዎንማ አየሁት። ሰብረዋታል ወይ ነው የምልዎ።”

ወለሉን አየሁ። ወለሉ ንጹሕ ነበር፤ ቢያንስ ኢቃማዬ ላይ የተጻፈውን ሥራ ሠርቻለሁ።

ሪፖርቱን ከመሳቢያ አውጥቶ ሁለተኛውን ገጽ ገለጠ። “ይኼ ኤፍኤም ነው፤ እዚህ ላይ ያልቃል። ከዚህ አጥር ወዲያ ያለው የአውሮፕላን አብራሪዎች የሚነጋገሩበት ነው። ይቺ መርፌ ትታይዎታለች?”

ታየችኝ። ቀጭን፣ ብቻዋን የቆመች።

“ጮክ ማለቷስ ባልከፋ። በአንድ አፏ ለመኪናው ትዘፍናለች፣ በሌላ አፏ አብራሪው ጆሮ ላይ ታፏጫለች። ከኾበር በላይ ሲያልፉ ፉጨት የሰሙ አሉ። ፉጨቱን የሚያሳድዱት የመንግሥት ሰዎች ትናንት ደውለው ‘እንዲህ ዓይነት ዕቃ ፈትሻችሁ ታውቃላችሁ ወይ?’ አሉኝ። ዓርብ ጠዋት ብቻ ነው የሚሰማው አሉ። ዐቅረቢያ አካባቢ።” ሪፖርቱን ዘጋ። “እርስዎ ዐቅረቢያ አይደሉ የሚኖሩት?”

“ዐቅረቢያ ሰፊ ነው።”

“ሰፊ ነው” አለ፤ አልሳቀም። “ምን እንደምታዘፍኗት አልጠይቅም። ወላሂ፣ ቁርኣን ብታስቀሩባትም ያው ናት፤ መርፌዋ አትለይም። ነገር ግን መጥተው በርዎን ሲያንኳኩ፣ ዕቃዋን ብቻ አይደለም የሚያዩት። ማነው ያለው፣ ምን ለማድረግ ተሰበሰባችሁ፣ ለማን ነው የምትልኩት ይላሉ። ከዚያ እኔ ጋ ይመጣሉ፤ መዝገቡ ላይ ከእርስዎ ፊርማ በላይ ያለው የእኔ ነው።”

“ምን አልካቸው?”

“መልሼ እደውላለሁ አልኩ። ነገ ያምጧት፣ ጋሼ። የተሰበረች ዕቃ አለች ብዬ ስነግራቸው እውነት ይሁንልኝ።”

ያን ቀን ሥራዬን እየሠራሁ ሳስብ ዋልኩ። በአንድ በኩል ክፍሌ ውስጥ የሚሰበሰቡት ስምንት ሰዎች አሉ። ይኼ የደሴ ልጅም አለ። ፊቱን የማላውቀው፣ ሰው ጭኖ ሊያርፍ ሲል ጆሮው ላይ ያፏጨሁበት አብራሪም አለ። በሌላው በኩል አንዲት ልጅ ጣራ ላይ። ሒሳቡ የሚያስቸግር አልነበረም። የሚያስቸግረው ለእሷ መንገሩ ነበር።

በማግስቱ ይዣት መጣሁ። ኢንጂነሩ ለዙህር ሶላት ሲወጣ አየኝ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ሄደ። መዶሻዬን ይዤ ስፖንጁ ክፍል ገባሁና በሩን ዘጋሁ። እዚያ ውስጥ ሰብሬ አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ ጓሮ ነው የምሰብረው። አንድ ምት ነው የበቃት። ድምፁ ከመዶሻው ሥር አላለፈም። ስብርባሪውን በእጄ ለቀምኩ።

ያን ሳምንት በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ገንዳው ጋ ቆምኩ። ማዳሟ እንግዳ በዝቶባት ኖሮ፣ ቆሻሻውን የሚጥለው ሾፌራቸው ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ “ምን ጠፍቶህ ነው፣ ያ ዐም፣ አጎቴ?” አለኝ። “ጥርሴ ከከረጢቱ ጋር ወድቆ” አልኩትና አፌን ከፍቼ አሳየሁት። ሳቀ። ከዚያ በኋላ መቆም አልቻልኩም።

ዓርብ ስምንቱ መጡ። ስለ መኪናው ነግሬያቸው ስለነበር ከወትሮው ዝቅ አድርገው ነው የዘመሩት፤ ከንፈር ብቻ ይነቃነቃል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያልመጣልኝ ንቃት መጥቶብኝ በመጋረጃው ጠርዝ ወደ ማዶ አያለሁ።

ልጅቷ በሰዓቷ ወጣች። ቅርጫቷን አስቀመጠች፣ ማዳመጫዋን በሻሿ ሥር አስገባች። ቀዩን የትራስ ልብስ ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ ቆመች። ጠበቀች። ስልኳን አውጥታ አየች፣ መልሳ ደረቷ ላይ አደረገች።

ነጩ መኪና ያን ጊዜ ጎዳናችን ውስጥ ገባ። በእኛ መስኮትና በእሷ ጣራ መካከል መጥቶ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆመ። ከኋላዬ መዝሙሩ ቆመ። ደረጃው ላይ ኮቴ እየጠበቅኩ የራሴን ደም ሰማሁ፣ ልክ እንደ ስፖንጁ ክፍል።

ልጅቷ መኪናውን አላየችውም። ስልኳን ከፍ አድርጋ ይዛ በቆመችበት መዞር ጀመረች። ቀስ ብላ፣ ትንሽ ዞር፣ ቆም፣ ደግሞ ዞር። ዕቃ በጠረጴዛዬ ላይ ሲዞር ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ አንድ ሙሉ ዙር ስትጨርስ አወቅኩ። ሌላ ጀመረች። ከሥሯ መኪናው ውስጥ ያሉት ሰዎችና ከላይ ያለችው እሷ አንድ ነገር እየፈለጉ ነበር፤ እኔ በአንድ ምት የገደልኩትን።

መኪናው ሄደ። ደረጃውን የወጣ ሰው አልነበረም። ክፍሉ ውስጥ አንዷ አለቀሰች፣ አንዱ “ተመስገን” አለ። ማዶ ልጅቷ ነጭ ነጩን ልብስ ሁሉ አሰጣችና ቀዩን ቅርጫቷ ውስጥ መልሳ ወረደች።

ከቀናት በኋላ ገንዳው ጋ አገኘኋት።

“አባባ፣ ጠፋብኝ” አለች።

ሰበርኳት ልላት አፌን ከፈትኩ። ስለ አብራሪው፣ ስለ መርፌዋ፣ ስለ ሁለተኛው ገጽ ልነግራት። የከረጢት መወርወሪያ ጊዜ ነበር ያለኝ።

“ተበላሽታብኝ ነው” አልኳት። “እያሠራኋት ነው።”

“በሉ እንግዲህ፣ እስክትሠራ እጠብቃለሁ” ብላ ገባች።

ነጩ መኪና ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ኢንጂነሩም አንስቶብኝ አያውቅም፤ ብቻ ሪፖርት ሲያትም አሁን ሁለተኛውን ገጽ በአማርኛ ያነብልኛል። እሷ ግን ዓርብ ጠዋት አሁንም ጣራ ላይ ትወጣለች፤ ማዳመጫዋን ታስገባለች፣ አንድ ዙር ትዞራለች። እኔም ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ አያታለሁ። እንቅልፍ አይወስደኝም።