ሁለት ቁንጥጫ

ባለፈው ወር ልጄ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የቻይና ምግብ ቤት ይዛኝ ገባች። በእንፋሎት የበሰለ፣ ሆዱ የተሞላ ትንንሽ ሊጥ በቀርከሃ ዕቃ ቀረበልን። እሷ ሁለቱን ጎርሳ ሦስተኛውን ስታነሳ እኔ ገና አንዱን እያገላበጥኩ ጠርዙን እፈልግ ነበር። «እማ፣ ምን እያየሽ ነው?» አለችኝ። ስንት ቦታ እንደተቆነጠጠ እያየሁ ነበር። ዙሪያውን እኩል የተጣጠፈ ነው፤ ማሽን ሳይሠራው አይቀርም።

ልጅ እያለሁ ሮቤ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ይኼንኑ ምግብ እበላ ነበር ብላት አላመነችኝም። ቤቱ የጓደኛዬ የፈቲያ እናት፣ የአዴ ዘይነባ ነበር፤ አዴ እዚያ እንደ እትዬ ነው። ወደ ጎሮ የሚወስደው መንገድ ሲሠራ አዴ ዘይነባ በቻይኖቹ ካምፕ ምግብ ታበስል ነበር። ሥራው አልቆ ሲሄዱ ባለ ሦስት ደርብ ድስታቸውን ትተውላት ሄዱ። እሷም ሙያውን ቀስማ ኖሮ፣ ሳሎኗ ውስጥ ሁለት አግዳሚ ወንበር አስገብታ መሸጥ ጀመረች። ምግቡ ጆሮ ስለሚመስል ስሙን ጉራ አልነው፤ በኦሮምኛ ጆሮ ማለት ነው። «ጉራ ልንበላ ነው» ስንል ከጎንደር የመጣው አስተማሪያችን «እናንተ ደግሞ ጉራ መች አነሳችሁ!» እያለ ይስቅብን ነበር።

የሮቤን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠዋት ጉሙ መንገዱን ሲሸፍነው ከዚያ ቤት በር ነጭ እንፋሎት ይወጣል፤ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ዱቄቱ የሲናና ስንዴ ነው፤ ሊጡ እንደ ጎማ ይለጠጣል። የሚያጠቅሱበት ዳጣ ዓይን ያስለቅሳል። በገበያ ቀን አግዳሚው ላይ የመስጊዱ ሰውና የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይቀመጡ ነበር። ሥጋ አብሮ የማይበላ ሰው እዚያ አብሮ ይበላ ነበር ማለት ነው።

ይኼ የሆነው አዴ ዘይነባ ስለምትጠነቀቅ ነው። የምስሩ ድስት ለብቻ፣ የሥጋው ድስት ለብቻ፤ ማንኪያውም ጨርቁም ለየብቻ። ከድስት ከወጣም በኋላ እንዳይምታታ ጠርዙ ላይ ምልክት አለው። አንድ ቦታ የተቆነጠጠው ሥጋ ነው፣ እስላሙ ይበላዋል። ሁለት ቦታ የተቆነጠጠው ምስር ነው፣ ለሁላችንም ይሆናል። ምልክቱን ያስተማረችኝ ራሷ ነች። «ምስር እንደ ልጅ ነው፣ ኢንተላ ኮ፤ ሁለቴ ካልተቆነጠጠ ይበተናል» ብላኝ ነበር። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ ማለቷ ነው። ፈቲያንም እኔንም የምትጠራን በዚያው ቃል ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከፈቲያ ጋር ተቀምጠን ሳለ አዴ ዘይነባ ውኃ ልትቀዳ ወደ ጓሮ ወጣች። ፈቲያ ፊት ያለው ሳህን ላይ አንድ ቁንጥጫ ያለው ጉራ ተደርድሯል። ሽታው ከምስሩ ይለያል። ለብዙ ጊዜ ሲያምረኝ ኖሯል። ፈቲያ «ተይ፣ ትዕግስት» አለችኝ። አንዱን አንስቼ ጎረስኩ፤ ከዚያ ሁለተኛውን፤ ከዚያ ሦስተኛውን። እስከ ዛሬ እንደዚያ የጣመኝ ነገር የለም፤ ይኼን መደበቅ አልችልም። መረቁ ግን ሹራቤ ላይ ፈሰሰ።

እናቴ ደረቴ ላይ ያለውን ቅባት አይታ ጨርቁን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። «ምንድን ነው የበላሽው?» አለችኝ። የእኔ ዕድሜ ሰው የዚያን ጊዜ እናት ቁንጥጫ አይረሳውም፤ የጭንን ውስጥ ለስላሳውን ቦታ ይዛ ታዞረዋለች። ገና ጣቷ ሲያርፍብኝ «አዴ ዘይነባ ምስር ነው ብላ ሰጠችኝ» አልኩ። አስቤበት አይደለም። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይሉ የለ፣ እንደዚያው አመለጠኝ። የእናቴ ጣት ለቀቀኝ። ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

እናቴ ክንዴን ይዛ፣ ሁለት ጎረቤቶች አስከትላ፣ ወደዚያ ቤት ሄደች። አግዳሚው በሰው ሞልቶ ነበር። «ዘይነባ፣ ልጄን ምስር ነው ብለሽ ሥጋ አበላሻት?» አለቻት። የሚጎርሰው ሁሉ አቆመ። ፈቲያ አፏን ልትከፍት ስትል እናቷ በዓይኗ ያዘቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ ክንዴን የያዘውን የእናቴን እጅ አየች፣ በሌላው እጄ ጭኔን መሸፈኔን አየች። አዴ ዘይነባ ጉራ ስትቆነጥጥ አንድ ቀን ተሳስታ አታውቅም። እዚያ ቤት የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ይመጣ የነበረው እሷ ስለማትሳሳት ነው።

«እኔ ነኝ። እጄ ተሳስቶ ነው» አለች። «አፉ በይኝ፣ የትዕግስት እናት። ልጅቷን አትንኪያት።»

እናቴ አልነካችኝም። ጠበል ተረጨሁ። ለንስሐ አባታችንም ያንኑ ውሸት ደገምኩላቸው፤ ራሴን ዳብሰው «አይዞሽ፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ» አሉኝ። ከሳምንት በኋላ ያ አግዳሚ ባዶ ሆነ። ክርስቲያኑ ቀረ፤ እስላሙም ጠብ እንዳይነሳ ፈርቶ ቀረ። ትምህርት ቤት ፈቲያ ደብተሯን ይዛ ከአጠገቤ ተነስታ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሰደበችኝ ወይም አጋለጠችኝ ብል ደስ ባለኝ። አንዲት ቃል አልተናገረችኝም።

አዴ ዘይነባ ድስቱን ሸጣ ዓረብ አገር ሄደች። ፈቲያ ትምህርቷን አቋርጣ ጎሮ አክስቷ ዘንድ ገባች። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የአዴ ዘይነባ መርዶ ከዓረብ አገር መጣ፤ እዚያው ሞታ እዚያው ተቀበረች አሉ። በምን እንደሞተች የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። እናቴም ከጎረቤት ጋር ለቅሶ ሄዳ አልቅሳ መጣች። እኔ አሞኛል ብዬ ተኛሁ።

አሁን ሮቤ ፎቅ በፎቅ፣ ካፌ በካፌ ሆናለች። የአዴ ዘይነባ ቤት የነበረበት ቦታ የሞባይል ሱቅ ሆኗል፤ በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር አፍንጫዬ ዝንጅብል ይፈልጋል። ልጄን ቆንጥጬ አላውቅም። እናቴ «አቅብጠሽ አበላሸሻት» ትለኛለች። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔው ግን ይኸው ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ አልቀለለኝም።

ባለፈው ፋሲካ ሮቤ ሄጄ ከእናቴ ጋር በር ላይ ፀሐይ ስንሞቅ የድሮ ጎረቤቶቻችንን እያነሳች ትጫወት ነበር። አዴ ዘይነባ ጋ ስትደርስ «ደግ ሴት ነበረች» አለች። «ያችን አንዲት ነገር ባታደርግ ኖሮ።» ጭኔን ገጥሜ፣ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ «አዎ እማዬ» አልኳት።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ይኼን ለመጻፍ የደፈርኩትም ለዚህ ነው።